ያልወደቀ እግር

ጡረታ ወጣሁ ስል ሰው ይስቅብኛል። «እማማ አስካለ፣ ከየትኛው መሥሪያ ቤት ነው ጡረታ የወጡት?» ይሉኛል። ከአውራ ጣቴ ነዋ! ያሰናበቱኝ ሁለቱ አውራ ጣቶቼ ናቸው። አንድ ጠዋት የሻይ ብርጭቆ ላነሣ ስል «እኛ በቃን» አሉኝ። ብርጭቆውም ወደቀ፣ እኔም ወጌሻነቴን ተውኩ። አበል የለ፣ የስንብት ግብዣ የለ፣ የምስጋና ወረቀት የለ። ወረቀቱን ቢሰጡኝስ ማን ያነበዋል? ፊደል አልቆጠርኩም። ይኸንንም እኔ እያወራሁ የምትጽፈው የልጅ ልጄ ሐና ናት። አንዳንዴ ቀና ትልና «አያቴ፣ ይኼ እንኳ አይጻፍም» ትለኛለች። እሱን ነው አድምቀሽ የምትጽፊው፣ እላታለሁ።

ሰፈሩ ግን ጡረታዬን አላመነበትም። በቀደም አንዲት ጎረቤቴ እግሩ የወለቀ አውራ ዶሮ አቅፋ መጣች። «ኧረ አንቺ፣ አርጅቻለሁ፣ ትቻለሁ» ብላት፣ «ለሰው ነው እንጂ የተዉት ለዶሮ መቼ ተዉ?» አለችኝ። ምን ላርግ፣ መለስኩለት። ዶሮው እንኳ አላመሰገነኝም፣ እጄን ነክሶኝ ሄደ።

እጆቼ ግን እኔ ስተኛ አይተኙም። በሕልሜ ይሄዳሉ። ጭጋግ ውስጥ እግር ይዳብሳሉ፣ የዚያን ዘመን እግር ሁሉ። የሞተውም ያለውም ሰው እግሩን ዘርግቶ ይጠብቀኛል። ፊታቸውን አላይም፤ በባታቸውና በቁርጭምጭሚታቸው ነው የማውቃቸው። «አሃ፣ አንተ ነህ እንዴ?» እላለሁ፣ እንዲህ እያልኩ ይነጋል።

የተወለድኩት ሱሉልታ ነው። ሱሉልታ ጠዋት ጠዋት ጭጋጉ ሜዳው ላይ ይተኛል፤ ላሞቹ እግር የሌላቸው ይመስላሉ። ሆዳቸው ብቻ ደመና ላይ ሲንሳፈፍ ታያላችሁ። እኔ ልጅ ሆኜ እውነት መስሎኝ ገብቼ እግራቸውን እፈልግ ነበር፣ በእጄ እየዳበስኩ። ወጌሻነቴ ከዚያ ሳይጀምር አይቀርም። ቤታችን የወተት ቤት ነበር። እናቴ ወተት ስታረጋ ቁጭ ብዬ አያታለሁ። ዕቃውን እሳት ዳር ሞቅ ታደርገውና «እንዳትነቀንቂው፣ ይተኛበት» ትለኛለች። ሞቅ ያለ ወተት ዝም ብሎ ሲተኛ ይረጋል። ሲንቀሳቀስ የዋለ ወተት ግን እንዲያ ቶሎ አይረጋም። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

ተድሬ ቡራዩ ገባሁ። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በራሱ ሠርግ ላይ ሲጨፍር ቁርጭምጭሚቱን ወለም አለው። ሙሽራ ሆኜ፣ ሂናዬ ሳይደርቅ፣ ባሌን ደግፌ ወጌሻ ቤት ወሰድኩት። አዴ ልኪቱ ይባላሉ ሴትየዋ። ቁመታቸው አጭር፣ እጃቸው የወንድ እጅ። እሱን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ «ገና በመጀመሪያው ቀን ሰበርሺው?» አሉኝ። ስቄ አላበቃሁም፣ ወደድኳቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታቸው እየዋልኩ ነው ሥራውን የተማርኩት። በዕድሜዬ ሙሉ አለቃ ብዬ የማውቀው እሳቸውን ብቻ ነው።

አዴ ልኪቱ የታመመውን እግር ቀድመው አይነኩም ነበር። እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከትተው ያሞቃሉ፣ እስኪሞቅ ድረስ ስለ ከብትሽ፣ ስለ ልጆችሽ ይጠይቁሻል። ከዚያ ደህነኛውን እግር ይይዛሉ። በዚያኛው ነው የሚጀምሩት። «ደህነኛው ምስክር ነው» ይላሉ። «እሱን ሳትጠይቂ የታመመውን ብትጠይቂ ይዋሽሻል።» ደህነኛው ስንት ያህል እንደሚሞቅ፣ ሥጋው እንዴት እንደሚላላ፣ አጥንቱ የት ጋ እንደሚጎረብጥ በአውራ ጣታቸው ያጠናሉ። ኋላ ነው ወደ ሌላው የሚሻገሩት። ወለምታ ከሆነ ለጋ ቅቤ ቀብተው ከታች ወደ ላይ፣ ሕፃን እንደሚያባብሉ። ውልቃት ከሆነ ግን ወሬ ያመጣሉ። የሚያስቅ ወሬ። አንቺ ልትስቂ አፍሽን ስትከፍቺ ቀጭ! አጥንቱ ገብቷል። እኔም ይኸንን ነው የወረስኩት። ሐሜት ሳላወራ የመለስኩት ትከሻ የለም።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ጥያቄ አለቻቸው። የመጣው ማንም ይሁን፣ «አካም ጅርታ» ተባብለው ሳይጨርሱ፣ «ኤሳቲ ኩፍቴ?» ይላሉ። የት ወደቅሽ? «ሂን ኩፍኔ»፣ አልወደቅሁም ካልሽ አለቀ። «ዴሚ፣ ኢንታላ ኮ» ይሉሻል፣ ሂጂ ልጄ፣ ሐኪም ጋ። ቅቤውን ይከድኑታል።

አንድ ጊዜ የደህና ነጋዴ ሚስት መጣች። ትኩሳት አሟት ተኝታ ከርማ ስትነሣ አንድ እግሯ አብጧል። በግ አስጎትታ ነው የመጣችው። የት ወደቅሽ? አልወደቅሁም። ዴሚ! በጉም ተመልሶ ሄደ። እኔ ልሞት፣ «አዴ፣ በግ እኮ ነው!» ብላቸው፣ «በጉ ይበላል» አሉኝ፣ «እሷስ?»

«እሷ ምን ትሆናለች?» አልኳቸው።

«ያልወደቀ እግር ሲያብጥ ነገሩ ከውስጥ ነው። የውስጡን እጅ አያየውም» አሉኝ። ከዚያ በላይ አልነገሩኝም፤ ከዚያ በላይ የሚያውቁም አይመስለኝም። እኔ ደግሞ ልጅ ነኝ፣ በሆዴ «ፈሪ ናቸው» አልኩ። ጥያቄዋን ግን ወሰድኳት፤ ሰው ከቤተሰቡ ጸሎት እንደሚወስድ፣ ትርጉሙን ሳይጠይቅ።

ባለቤቴ ፋብሪካ ጥበቃ ተቀጠረና ሰበታ ገባን። እናንተዬ፣ ሰበታ ለወጌሻ እንዴት ያለች አገር ናት! ፋብሪካው ይጥላል፣ ሚኒባሱ ይጥላል፣ ኳሱ ይጥላል። ፉሪ ላይ ቤት መሥራት ሲጀምሩማ ከእንጨት መወጣጫ የሚወድቀው ሁሉ እኔ ደጃፍ ነበር። አንድ ፎርማን ነበረ፣ «እርስዎ ሠራተኞቼን አስተኝተው ሥራ አስፈቱብኝ» እያለ በሬ ላይ ቆሞ የሚጮህብኝ። ሲጮህ ሲጮህ ከደጄ ድንጋይ ተንሸራቶ ተቀመጠ። «የት ወደቅህ?» አልኩት። «ኧረ እዚሁ!» አለኝ። እያለቀሰ አሸሁት። ከዚያ ወዲህ ሠራተኞቹን ራሱ እየደገፈ ያመጣልኝ ጀመር።

ክፍያው የሰጡኝ ነው። ያለው ይሰጣል፣ የሌለው ይመርቃል፣ ምርቃት የማይችል ደግሞ ስኳር ያመጣል።

እኔ ሳሽ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ሰው አያውቅብኝም ነበር። አንድ ዓይነ ስውር ተማሪ ግን ክርኑን ይዤ ዝም እንዳልኩ «እማማ፣ ዓይንዎን ጨፍነዋል አይደል?» አለኝ። ደነገጥኩ። «በምን አወቅህ አንተ?» «ድምፅዎ ራቀ» አለኝ። እውነቱን ነው፣ እርቃለሁ። እጄ ቆዳው ላይ ነው፣ እኔ ግን የለሁም። ከቆዳው በታች ጭጋግ አለ፣ ጭጋጉ ውስጥ አጥንቱ እንደ ላም ቆሟል። እሱን ፈልጌ ነው የምሄደው።

አሁን ወደ መልካሙ ልምጣ።

መልካሙ ተከራዬ ነው። ግቢዬ ውስጥ አንዲት ክፍል ይዞ ከሚስቱ ከምሕረት ጋር ይኖራል። ከሆሳዕና ወዲያ ነው አገሩ፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ይሠራል። ጴንጤ ነው፣ ቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ ይዘምራል። ጠዋት ቧንቧው ጋ ፊቱን ሲታጠብ ግቢው ሙሉ ይሰማዋል። «አንተ፣ እግዚአብሔር አይደነቁርም እኮ፣ ቀስ በል!» እለዋለሁ። «እማማ፣ እርስዎን ለመቀስቀስ ነው» ይለኛል። እንዲህ እየተናከስን ነው የኖርነው። ልጄ ሩቅ ናት፤ ምጣዴን የሚጠግንልኝ፣ ጣራዬ ሲያፈስ የሚወጣልኝ እሱ ነው።

ያ ኮሮና የሚሉት የመጣ ጊዜ መልካሙን ጣለው። ትኩሳቱ፣ ሳሉ፣ ከአልጋ አልተነሣም። ግቢው ጸጥ አለ። እኔ በመስኮቱ ሾርባ እያቀበልኩ «ዝፈን እንጂ አሁን!» እለዋለሁ፣ ፈገግ ለማለት እንኳ ትንፋሽ የለው። ቆይቶ ተሻለው። ከሳ እንጂ ተነሣ። ወደ ሥራው በተመለሰ ሰሞን ግን ግራ እግሩ አበጠ።

እሑድ ከሰዓት ነው፣ ምሕረት እየደገፈች አመጣችው። እጄን ብብቴ ውስጥ ከተትኩና «የት ወደቅህ?» አልኩት።

ሁለቱ ተያዩ። አሁን ሳስበው ያችን መተያየት ነው የማልረሳው። ሰፈሩ ሁሉ ጥያቄዬን ያውቃታል። አልወደቅሁም ያለ እንደማይታሽም ያውቃል። ለካ ሰው እኔ ጋ ለመታሸት መውደቂያ ቦታ አስቦ ነው የሚመጣው!

«ፋብሪካው ደረጃ ላይ አዳለጠኝ» አለኝ መልካሙ።

ደህነኛውን ያዝኩ። ቀዝቃዛ ነው፣ ልል ነው። ወደ ግራው ተሻገርኩ። ባቱ ይፋጃል። ቆዳው ተወጥሮ ያብለጨልጫል፣ ነካ ሳደርገው ጥርሱን ነከሰ። ቁርጭምጭሚቱ ግን ደህና፣ ጉልበቱ ደህና። የወደቀ ሰው አንድ ቦታ ይበልዛል፤ ይኼ አልበለዘም።

«አንተ፣ የበለዘው የታለ?» አልኩት።

«እማማ፣ እኔን የሚያህል ጥቁር ሰው በልዞ የት ይታያል?» አለኝ።

ሳቅሁ። ምሕረትም ሳቀች። ያን ሁሉ ጊዜ ታሞ ከርሞ ቀልዱ ስለተመለሰ ደስ አለኝ፣ በደስታ ሳቅሁ። እጄ የሚለኝ ሌላ ነበር፣ ጆሮዬ ግን ሳቁን ሰማ። ቅቤውን ከፈትኩና አሸሁት። አጥብቄ፣ ከታች ወደ ላይ። ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ጭጋጉ ውስጥ ገባሁ፣ አጥንቱን ፈለግሁ። አጥንቱ ምንም አልሆነም። ሌላ ነገር አለ፣ ገመድ የሚመስል፣ ጠንከር ያለ። ጅማት ነው አልኩ።

በማግስቱ ጠዋት ቧንቧው ጋ መዝሙሩን ጀመረ። አልጋዬ ላይ ሆኜ «ተመስገን፣ ዳነ» አልኩ። መሃሉ ላይ መዝሙሩ ተቆረጠ። እንደ ክር ነው የተበጠሰው። ጠበቅሁ፣ አልቀጠለም። ስወጣ ደረቱን ይዞ ተንበርክኮ አገኘሁት፣ አፉን ይከፍታል፣ አየሩ አይገባለትም። ከንፈሩ አመድ መስሏል። ምሕረት ትጮኻለች። ባጃጅ ጠርተን፣ እኔ በነጠላ ጫማዬ፣ እሱን መሃል አድርገን ሄድን። መንገዱ አያልቅም። ፋብሪካው ያልፋል፣ ሱቁ ያልፋል፣ ሁሉም እንደ ሕልም ድምፅ የለውም። እኔ የምሰማው የእሱን ትንፋሽ ብቻ ነው፣ አጭር አጭር፣ ውሃ ከጉድጓድ እንደሚቀዳ ሰው።

ሆስፒታል ይዘውት ገቡ። ደጅ ቁጭ አልን። ምሕረት እጄን ይዛ ትጸልያለች፣ እኔ ደግሞ እጄን የት እንደማስቀምጠው ጠፋኝ። ብብቴ ውስጥ ከተትኩት።

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። ወጥታ «እግሩን ያሸው ሰው አለ?» አለች። ምሕረት መሬት መሬት አየች። «እኔ ነኝ» አልኩ። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። አጠገቤ ተቀመጠች።

«እማማ፣ እግሩ ውስጥ ደም ረግቶ ነበር። ከረጋው ተቆርሶ ሳንባው ገባና መንገድ ዘጋበት» አለችኝ።

«ደም በሰው ውስጥ ይረጋል እንዴ? ሳይቆረጥ?»

«ይረጋል። ኮሮናም ይሁን ሌላ ከባድ የቫይረስ በሽታ ሲገባ ሰውነት ይቆጣል። ሲቆጣ የደም ሥሩ ውስጠኛ ግድግዳ ይጎዳል፣ ልስላሴው ይጠፋል። ደሙም ለመርጋት ይቸኩላል። በዚያ ላይ በሽተኛው ሲተኛ እግሩ ውስጥ ያለው ደም ቀስ ይላል።»

ጆሮዬ ላይ የእናቴ ድምፅ መጣ። እንዳትነቀንቂው፣ ይተኛበት። «እንደ ወተት ነዋ!» አልኳት። «ሞቅ ሲል፣ ሲተኛ!»

«መልኩ ይመስላል» አለችኝ። «ግን ወተቱን የሚያረጋው እርሾው ነው። እዚህ ግን ብዙውን ጥፋት የሚሠራው በሽታውን ሊያባርር የተነሣው የራሱ የሰውየው ሰውነት ነው።»

«ሌባ ልንይዝ ብለው ገብተው እንስራ የሚሰብሩ ጎረቤቶች በይኛ!»

በዚያ ሁሉ መሃል ልጅቷ ሳቀች። «እንደዚያ ነው» አለች። «ጉንፋን የያዘው ሁሉ ደሙ ይረጋል ማለት ግን አይደለም። ሕመሙ ሲጠናና ሰው ተኝቶ ሲከርም ነው የሚያሰጋው። አንድ እግር ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀ፣ ባቱን ካመመው አይታሽም። ቶሎ ሐኪም ያየው። ትንፋሽ ካጠረ ደግሞ ለአፍታም አይጠበቅም።»

አንድ ነገር ቀረኝ። «ወደ ሳንባው የላክሁት እኔ ነኝ?» አልኳት።

ዓይን ዓይኔን አየችኝ። «ባያሹትም ሊሄድ ይችል ነበር። ማሸቱም ሊያስኬደው ይችላል። የትኛው እንደሆነ አላውቅም፣ እማማ። እርግጠኛ ሆኖ የሚነግርዎ ሰው አያገኙም።»

ይቺን «አላውቅም» ይዣት ነው ቤቴ የተመለስኩት። እስከ ዛሬም አብራኝ አለች። ብትሰድበኝ ኖሮ እረሳው ነበር።

መልካሙ ተረፈ። ደም ማቅጠኛ መድኃኒት ሰጡት፣ ሰነበተ፣ ወጣ። ግቢ ሲገባ ልስመው ነው ልምታው አላውቅም፣ ሁለቱንም አደረግሁ። «ውሸታም!» አልኩት። «ደረጃ ላይ አዳለጠኝ! የቱ ደረጃ ነው?»

«ፋብሪካችን ደረጃ የለውም፣ እማማ» አለኝ። አንገቱን ደፍቶ። «አልወደቅሁም ብል ይመልሱኛል ብዬ ነው።»

ለአዴ ልኪቱ ልነግራቸው ቡራዩ ድረስ መሄድ አማረኝ፤ እሳቸው ግን ቀደም ብለው አርፈዋል። በሕልሜ ሄድኩ። ጭጋግ ውስጥ ተቀምጠዋል፣ እጃቸው ብብታቸው ውስጥ። ፈሪ ብዬዎት ነበር አልኳቸው። «በጉስ?» አሉኝ። አሁንም ይቀልዱብኛል።

ከዚያ ወዲህ ሥራዬን አልተውኩም፣ አኳኋኑን ለወጥኩ እንጂ። የት ወደቅሽ ብዬ አልጀምርም። «ሰሞኑን ምን ሆነሽ ከረምሽ?» እላለሁ። ስለ ትኩሳት፣ ስለ ሳል፣ ስለ መተኛት ሐሜት አስመስዬ አወጣጣለሁ። ሰው ለጥያቄ ይዋሻል፣ ለወሬ ግን አይዋሽም። ኋላ ደህነኛውን እግር እይዛለሁ። እጄ «ተይ» ካለኝ፣ ወርቅ ይዘው ቢመጡ፣ ቅቤዬን ከድኜ ሐኪም ጋ እልካለሁ። አንዳንዶቹ «እማማ አስካለ ፈሪ ሆኑ» አሉ። ይበሉ። እኔም ብዬው የለ?

አውራ ጣቶቼ ያሰናበቱኝ ከዚያ በኋላ ነው፣ በቁርጥማት። መልካሙ አሁንም ግቢዬ ውስጥ ነው፣ መዝሙሩም እንደዚያው ነው፣ እኔም ቀስ በል አልለውም። ይጩህ። ሲጮህ ትንፋሽ አለ ማለት ነው።

ባለፈው ክረምት ደግሞ እኔን ያዘኝ። ኢንፍሉዌንዛ ነው ያሉት፣ አጥንት ድረስ የሚገባ ብርድ። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይወርዳል፣ እኔ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ ሱሉልታ እሄዳለሁ፣ ላሞቹን እዳብሳለሁ፣ እመለሳለሁ። ደስ ይላል እኮ! አልጋውን ለመድኩት። ትኩሳቱ ሲለቀኝም አልተነሣሁም። አንድ ጠዋት ቀኝ እግሬ ከበደኝ። ዳበስኩት፣ ይሞቃል። እናንተዬ፣ ሰው የራሱን እግር ሲዳብስ ምስክሩን አይጠይቅም። ደህነኛውን አልያዝኩም። እርጅና ነው አልኩ። ሐኪም ቤት መሄድ፣ ወረፋ፣ መርፌ፣ በዚያ ዝናብ? ቅቤዬን አወጣሁና እንደምንም በመዳፌ ላሽ ጎንበስ አልኩ።

መልካሙ ሻይ ይዞልኝ ገባ። ቅቤውን አየ፣ እግሬን አየ። ሻዩን አስቀመጠ።

«እማማ፣ የት ወደቁ?» አለኝ።

«ከአልጋ» አልኩት፣ ፊቴን ሳላዞር።

ተንበረከከ። እጁን ብብቱ ውስጥ ከቶ አሞቀና መጀመሪያ ደህነኛውን እግሬን ያዘ። ዝም ብሎ ያዘው። ከዚያ ወደ ሌላው ተሻገረ። ማን አስተማረህ አልለው ነገር፣ አውቀዋለሁ ማን እንዳስተማረው።

«የበለዘው የታለ?» አለኝ።

«አንተ ሞኝ፣ በዚህ ሁሉ ሽብሽብ መሃል የት ይታያል?» አልኩና እኔው ሳቅሁ። ጥሩ ቀልድ ነበር፣ ወድጄዋለሁ።

መልካሙ ከተንበረከከበት ተነሣ፣ ነጠላዬን ከምስማሩ አወረደና ትከሻዬ ላይ ጣለ። «ምሕረት፣ ባጃጅ ጥሪ!» ብሎ በመስኮት ተጣራ።

የረጋ ደም ነበር። ሐኪሞቹ ቶሎ አገኙት፣ ገና ከባቴ ሳይነሣ። አሁን ደም ማቅጠኛዋን እውጣለሁ፣ ግቢው ውስጥ ከቧንቧው እስከ በሩ እመላለሳለሁ፣ ደሜ እንዳይተኛብኝ። ሰፈሩ ደግሞ «እንዴት ተረፉ?» እያለ ይጠይቀኛል። ምን አለው ይኼ፣ እላቸዋለሁ። እኔ በመልካሙ ቀልድ ስቄ ነበር፣ እሱ በእኔው ቀልድ አልሳቀም።